ስለ ቅላጼሽ ለጠየቅሽኝ ልጅ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ጻፈችልኝ። ቤት ውስጥ ከእናቷ ጋር የምታወራው በሲዳምኛ ነው። አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው። ትወና ነፍሷ ነው። "ጋሼ፣ ኦዲሽን በሄድኩ ቁጥር ቅላጼሽን አስተካክይ ይሉኛል። ባስተካክለው ዋና ገጸ ባሕርይ ይሰጡኝ ይሆን?" ትላለች።

ቶሎ ልመልስላት ብዬ ነበር። ጥያቄዋ ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ስለዚህ ለሷም፣ እንደሷ ለሆናችሁትም ሁሉ እዚህ ልጻፍ።

በወጣትነቴ በአንድ የቲያትር ቡድን ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛ ነበረኝ። ከጋሞ ደጋ የመጣ ልጅ ነው። ቃለ ተውኔት የሚያጠናበት የራሱ መንገድ ነበረው። መጀመሪያ ዓይኑን ጨፍኖ በእናቱ ቋንቋ ይለዋል። ድምፅ የለውም፣ ከንፈሩ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ከዚያ በአማርኛ ይደግመዋል። እኛ ቃሉን እንሸመድዳለን። እሱ ሰውዬውን ያገኘዋል።

የሚሰጠው ሚና ግን ያው ነው። ዘበኛ፣ ተሸካሚ፣ ከገጠር የመጣ አጎት። ብቅ ይላል፣ ሁለት መስመር ይናገራል፣ ሰው በአነጋገሩ ይስቃል፣ ይወጣል። በቃ።

አንድ ጊዜ የሐዘን ተውኔት ያዝን። እሱ እንደተለመደው ዘበኛ ነው። መጨረሻው ላይ ይገባና ለእናትየዋ ልጇ መሞቱን ይነግራታል። ያለችው አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት። የመክፈቻው ዕለት ገባ። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘው። አፉን ሲከፍት አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሰው ለምዶታላ! እኔ የእናትየዋን ወንድም ሆኜ መድረኩ ላይ ነበርኩ። ላቤ በጀርባዬ ሲወርድ ይታወቀኛል።

እሱ ንቅንቅ አላለም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ጥግ ላይ አንድ ሰው ገና አልጨረሰም ነበር፤ እሱንም ጠበቀው። ከዚያ የባርኔጣውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ያንኑ ዐረፍተ ነገር በዚያው ቅላጼ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ደገመው። አዳራሹ ጭጭ አለ። እናትየዋን የምትጫወተው ተዋናይት ያን ቀን ያነባችው እንባ በልምምድ አይተነው የማናውቀው እንባ ነው።

በማግስቱ አዘጋጁ ሚናውን ለሌላ ሰው ሰጠው። "ሳቅ ያመጣብናል" አለ። ጓደኛዬ አንድ ቃል አልተናገረም። ብዙም ሳይቆይ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ገባ። አስተማሪ ሆነ ሲሉ ሰማሁ። ደሞዝ ሲዘገይብን ከቤቱ የተላከለትን ቆጮ ከዳጣ ጋር አቅርቦ ያበላን ነበር። ደግ ልጅ ነበር። እሱን የመሰለ ሌላ ተዋናይ አላየሁም፣ ሰውም አላየው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እሱን ባሰብኩ ቁጥር ሂው ግሪፊዝ የተባለው ተዋናይ ይመጣብኛል። "ቤን ሁር" የተባለውን ፊልም ያያችሁ ታውቁታላችሁ። አራት ነጫጭ ፈረሶቹን እንደ ልጆቹ የሚያቆላምጠው፣ ጢማሙ፣ ዓይነ ፈጣጣው የዐረብ ሼህ እሱ ነው። ሰውየው ግን የዌልስ ሰው ነው፤ ዌልስ የራሷ ቋንቋ ያላት የብሪታንያ ክፍል ናት። እ.ኤ.አ. በ1912 አንግልሲ በምትባል ደሴት፣ ማሪያንግላስ በምትባል መንደር ተወለደ። አገሩ ዌልስኛ የሚነገርበት አገር ነው። እህቱ ኤለን ሮጀር ጆንስም በዌልስኛ የታወቀች ተዋናይት ነበረች።

ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ተፈተነና ወደቀ። በምን መሰላችሁ? በእንግሊዝኛ። ከዚያ ባንክ ተቀጠረ። ለመድረክ ልቅረብ ብሎ ወደ ለንደን ተዛወረ። በዝነኛው የለንደን የድራማ አካዳሚ ተቀባይነት ሲያገኝ ደግሞ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ስድስት ዓመት ወታደር ሆነ፤ ሕንድና በርማ ዘመተ። ወደ ትወና የተመለሰው በ1946 ነው፣ 34 ዓመት በሞላው ዓመት። ዛሬ በ22 ዓመቱ "አለፈብኝ" የሚለኝ ልጅ ስንት ነው!

እሱንም ለሳቅ ተጠቅመውበታል። በ1949 በወጣ አንድ ፊልም ለንደን ውስጥ የሚንከራተት ሰካራም የዌልስ በገና ደርዳሪ ነበር። ልዩነቱ እዚያ ላይ እንዲቀር አለመደረጉ ነው። በዚያው ዓመት በሌላ ፊልም የመንደር ሰባኪ ሆነ። በ1957 ኒው ዮርክ፣ ዝነኛው የቲያትር መንደር ብሮድዌይ መድረክ ላይ ቆመ። በ1960 በሼሁ ሚና የደጋፊ ተዋናይ ኦስካር ወሰደ። ፊልሙ ካገኛቸው 11 ኦስካሮች አንዱ የሱ ነው። በእንግሊዝኛ የወደቀው ልጅ!

አንድ ነገር አልደብቃችሁም። ዐረብ ለማስመሰል ፊቱን አጥቁረውታል። ያ ሚና ለዐረብ ተዋናይ ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ። የግሪፊዝን ችሎታ አደንቃለሁ፣ ይህኛውን ግን አላደንቅም።

ግሪፊዝ በ1980 አረፈ። ዌልስኛ የራሱ የቴሌቪዥን ጣቢያ ያገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1982 ነው። ጣቢያው በዋዛ አልተገኘም። የብሪታንያ መንግሥት ጣቢያውን እከፍታለሁ ያለውን ቃል ሲያጥፍ ግዊንፎር ኤቫንስ የተባለ ፖለቲከኛ እስከ ሞት እጾማለሁ ብሎ ነው ያስመለሰው። ዛሬ እዚያ አገር ድራማ እንዴት እንደሚቀረጽ ብታዩ ትገረማላችሁ። በ2013 አቤሪስትዊዝ በምትባል የዌልስ ከተማ አካባቢ የተሠራ አንድ የወንጀል ድራማ አለ። ተዋንያኑ ትዕይንቱን አንዴ በዌልስኛ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ ይጫወቱታል። ዝናቡ ያው፣ ሬሳው ያው፣ ቋንቋው ሁለት። ኢቭ ማይልስ የምትባለው ተዋናይት ደግሞ ዌልስኛ አቀላጥፋ አትናገርም ነበር። በ2017 ለወጣ ድራማ ብላ ቁጭ ብላ ተማረችው። በአያቶቿ ዘመን ቢሆን ዌልስኛ መማር ከንቱ ድካም ነበር፤ እሷ ግን እንጀራ በላችበት።

ሰዓት አክብሩ፣ መጠጥ ተጠንቀቁ ብዬ አልመክራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ገና ልምምድ ሳይጀመር ፎቶ ይለጠፋል። እይታ ይቆጠራል። ቃለ ተውኔቱ ግን አልተያዘም። ይህ ስልክ የሚባል ነገር ትወናን እየገደለው ነው። ከያዛችሁት አይቀር ግን አገር ቤት ስትሄዱ የአያቶቻችሁን ወሬ ቅረጹበት። አንድ ሰው ሲቆጣ፣ ሲያለቅስ፣ ሲገበያይ ድምፁ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ስሙ። ያንን የትም ትምህርት ቤት አያስተምሯችሁም።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ፣ ልጄ። አማርኛሽ ከመጨረሻው ወንበር ድረስ እንዲሰማ አድርጊ። ይህ ሥራ ነው፣ ተለማመጂው። የአዲስ አበባውን አነጋገርም ቻዪው፣ የሚፈልግ ሚና ይመጣል። የእናትሽን ቅላጼ ግን አጥፊ ቢሉሽ አትስሚያቸው። ዋና ገጸ ባሕርይ ይሰጡኝ ይሆን ላልሽው፣ ቃል ልገባልሽ አልችልም። በሚቀጥለው ኦዲሽን ግን ቋንቋ የሚለው ቦታ ላይ ሲዳምኛን ጻፊ። ንባቡን በሁለቱም ተዘጋጂበት። የቤት ሠራተኛ ሁኚ ካሉሽ እሺ በይ። ግን ልጅቷ ስሟ ማን እንደሆነ፣ ደሞዟን ለማን እንደምትልክ፣ ብቻዋን ስትሆን በምን ቋንቋ እንደምታንጎራጉር ከመግባትሽ በፊት ወስኚ። ቀኑን ሲነግሩሽ ጻፊልኝ፣ አንድ ሁለቴ አብረን እናነበዋለን።