ለደሴ ልጆች፣ ስለ ድሮ ድምፅ

ልጆቼ፣ ባለፈው አንድ ጎረምሳ ስልኩን ይዞ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ የድሮ ሸክላ አስመስዬ የሠራሁት ሳምፕል፣ ዘፈን ውስጥ የሚገባ አጭር ቅንጫቢ ድምፅ ነው፤ ይስሙልኝ» አለኝ። ክራር በባቲ ቅኝት፣ ከሥሩ ጫር ጫር የሚል የመርፌ ድምፅ፣ በዚያ ላይ ሽሽ የሚል ካሴት። ሸክላና ካሴት ባንድ ላይ!

አንዷ ጭረት ደግሞ ሁልጊዜ ከከበሮው ጋር እኩል ትመለሳለች። ነቃሁበት። በ1960ዎቹ ሙዚቃ አሳታሚዎቹ አምሃ ሪከርድስና ካይፋ ያወጧቸው ትንንሽ ሸክላዎች በደቂቃ 45 ጊዜ ነበር የሚዞሩት። የተጫረ ቦታ በየ1.33 ሰከንዱ ጠቅ ይላል፤ ዘፈኑ ፈጠነ ዘገየ አይገደውም።

የባሰው ግን ክራሩ ነው። ከኪቦርድ የወጣ! የኪቦርድ ድምፆች እኩል በእኩል የተከፋፈሉ ናቸው፤ ክራር መቺ ክሩን የሚያጠብቀው በጆሮው ነው። ባቲና አምባሰል አጠገቡ ሆነው የወሎ ልጅ ይህን ካልሰማ ማን ይስማ? ክራር የሚመታ ሰው ፈልጉ፣ የድካሙንም ክፈሉት። የሰው ዘፈን ቆርጣችሁ አትውሰዱ፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ።

እኛ ስንቀዳ ማይክ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነበር። ማሲንቆው ከበዛ የምናዞረው ቁልፍ የለም፤ መቺውን ከነወንበሩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ማድረግ ነው። አንዴ ቀረጻው ሳያልቅ ወንበሩን ስጎትት ሲጢጥ ብሎ ያማረ ቅጂ አበላሽቼ ስንት ስድብ ጠጥቻለሁ። እናንተ «የድሮ» የምትሉት ስሜት አብዛኛው ይኸው ርቀት ነው፤ ከበሮው በዘፋኙ ማይክ ሾልኮ ሲገባ፣ ግድግዳው መልሶ ሲያስተጋባው።

ካሴት ላይ የምትቀዱት ከዚያ በኋላ ነው። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይጓዛል፤ ላስቲኩ የላላ ቴፕ ክራሩን ትንሽ ያወዛውዘዋል። ድምፁን ጠንከር አድርጋችሁ ስታስገቡት ደግሞ ሹል ሹሉን ያለዝብላችኋል። መጀመሪያ ሄዱን፣ ማለትም ካሴቱ የሚነካውን የቴፑን መቅጃ ክፍል፣ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉት። አንዴ መቅዳት ይበቃል፤ ሦስቴ ካመላለሳችሁት ጭቃ ነው።

ያ ልጅ ክራር መቺ አምጥቶ ሳሎኔ ውስጥ ባንድ ማይክ ደግመን ቀዳን። ሦስተኛው ቅጂ ላይ የባጃጅ ጡሩምባ ገባ። «ይተዉት ጋሼ፣ ድባብ ነው» አለኝ። ድባብ! በዚያ ዘመን ደሴ ላይ ባጃጅ የት ይታወቅና? መስኮቱን ዘግቼ እንደገና አስመታሁት።