ቤታችን የስዊድን ቤት እንዲመስል መሶቡ መውጣት አለበት?

የቤት አያያዝ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ስቶክሆልም፣ ቴንስታ ነው፤ ቤቱ የኪራይ ነው። እዚሁ የተወለደችው የ16 ዓመት ልጄ ሰሞኑን «ቤታችን ጨለማ ነው፣ እንደ ጓደኞቼ ቤት ይሁን» ብላ ይዛኛለች። ወይን ጠጅ ሶፋው ይውጣ፣ የከፋይ መጋረጃው ይውረድ፣ ቡፌው ይሸጥ፣ መሶቡና ረከቦቱ ምድር ቤት ይግባ ትላለች፤ ግድግዳው ነጭ፣ የቀረው ሁሉ ግራጫ እንዲሆን ነው የምትፈልገው። አባቷ «ሐኪም ቤት ልታስመስሉት ነው?» ብሎ ተቆጥቷል። በእጃችን ያለው ገንዘብ ጥቂት ነው። ከየት ልጀምር? የእኛን ነገር ካላስወጣን አይሆንም ማለት ነው?
እናት፣ ከቴንስታ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ ጨለማውን በደንብ አይታዋለች። መሶቡን መክሰሷ ግን ልክ አይደለም፤ የሚያጨልመው መጋረጃውና መብራቱ ነው። እኔ በዚህ ከተማ የሰው ቤት እየቀባሁና እያደራጀሁ ነው የምኖረው። ብዙ የአገራችን ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው መስኮቱን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለውም እዚያው ነው።

ስቶክሆልም በ59ኛው ዲግሪ ሰሜን ላይ ያለች ከተማ ናት። በዲሴምበር ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ስድስት ሰዓት ብርሃን ብቻ! የዚህ አገር ሰው ግድግዳውን ነጣ ያለ የሚቀባው፣ ወለሉን በፈካ እንጨት የሚሠራው፣ መስኮቱን ሳይሸፍን የሚተወው ያቺን ጥቂት ብርሃን ወደ ጓዳ ለማስገባት ነው። ይህን አንዴ ከያዙ የትኛው ዕቃ ይቆይ፣ የትኛው ይውጣ የሚለውን ራስዎ ትወስናላችሁ፤ ከልጅዎ ጋር መከራከሪያም አይጠፋም።

ስለዚህ የከፋይ መጋረጃውን ዛሬውኑ ያውርዱት። በዚህ ሙሉ በሙሉ ከልጅዎ ጋር ነኝ። የቴንስታ ቤቶች ከ1965 እስከ 1974 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንድ ሚሊዮን ቤት ለመሥራት በተያዘው ፕሮግራም የተሠሩ ናቸው፤ መስኮታቸው ሰፊ ነው፣ ማሞቂያው ደግሞ ከመስኮቱ ሥር ነው የተገጠመው። ወለል የሚነካ ወፍራም መጋረጃ ቀኑን ብርሃኑን ይከለክላል፣ ሌሊቱን ደግሞ ሙቀቱን ከጀርባው አፍኖ ያስቀረዋል። በምትኩ ሳሳ ያለ ነጭ ጥጥ ወይም ተልባ ጨርቅ ይስቀሉ። የማይለብሱት ነጠላ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ከሆነ እሱም ይሆናል፤ በእጅ የተፈተለ ጥጥ የሚያሳልፈው ብርሃን ለስለስ ያለ ነው፣ እኔ እንደሱ የምወደው የለም። ማታ ሰው እንዳያያችሁ ከፈለጋችሁ ከመስታወቱ ጋር የሚጠቀለል መሸፈኛ ይበቃል።

ቀጥሎ መብራት። አመሻሽ ላይ በየትኛውም የስቶክሆልም መንገድ ሲያልፉ ቀና ብለው ይዩ፤ በየመስኮቱ ደፍ ላይ አንዲት ትንሽ መብራት ተቀምጣለች። የገና ሰሞን ሲደርስ ደግሞ የወረቀት ኮከብና ሰባት ጧፍ የሚይዘው መቅረዝ ይጨመራል። እኛ ጋ ያለው ልማድ አንድ ኃይለኛ አምፖል ኮርኒስ ላይ ማብራት ነው፤ እሱ ፊትን ያገረጣል፣ ማዕዘኑን ሁሉ ጨለማ ያደርገዋል። ለሳሎኑ አራት አምስት ደካማ መብራት በየቦታው ይበትኑ፦ አንዱን መስኮት ላይ፣ አንዱን ሶፋው ጎን፣ አንዱን ረከቦቱ አጠገብ ዝቅ አድርገው። አምፖል ሲገዙ ካርቶኑ ላይ 2700 ኬልቪን የሚለውን፣ ማለትም ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን የሚሰጠውን ይምረጡ፤ ነጭና ቀዝቃዛ የሆነው 4000 ነው ባለቤትዎ የፈሩትን ሐኪም ቤት የሚያመጣው። የምግብ ጠረጴዛው ላይ የሚንጠለጠለው መብራት ከጠረጴዛው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይውረድ። ዴንማርካዊው የመብራት ንድፍ አውጪ ፖል ሄኒንግሰን ዕድሜውን የጨረሰው በዚህ ጉዳይ ላይ ነው፤ በ1958 ያወጣው ፒኤች 5 የሚባለው መብራት በተደራረቡ ክዳኖቹ አምፖሉን ከዓይን ይሰውርና ብርሃኑን ወደ ምግቡ ያወርደዋል። ዋናው ውድ ነው፤ አምፖሉ በቀጥታ ዓይን የማይወጋ ማንኛውም መብራት ግን ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ግድግዳውን በተመለከተ፣ የስዊድን የኪራይ ሕግ ተከራይ በራሱ ወጪ ቀለም እንዲቀባ ይፈቅድለታል። ሥራው ግን ንጹሕ ይሁን፤ ካበላሹት አከራዩ ካሣ መጠየቅ ይችላል። ቀለም ቤት ሄደው «ኤስ 0502 ዋይ» ይበሉ፤ ስቶክሆልም ነጭ የሚሉት እሱ ነው፤ ውስጡ ጥቂት ቢጫ አለበት። እንደ ወረቀት ድርቅ ያለውን ነጭ አይውሰዱ። ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ግድግዳ ላይ ስስ የቅባት ሽፋን አለ፤ ነጭ ጨርቅ በሙቅ ውኃ አርጥበው ከኮርኒሱ ሥር አሸት ቢያደርጉት ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ይህን ከቅብ በፊት ለግድግዳ በሚሸጠው ማጠቢያ ሳያጥቡ ከቀቡ አዲሱ ቀለም በወራት ውስጥ ይወይባል። ለቡናው ማዕዘን የሚታጠብ ዓይነት ቀለም ይጠይቁ።

አሁን ልጅዎ ያላወቀችውን ልንገርዎ። የስዊድን ቤት ነጭና ግራጫ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ዳላርና ውስጥ ሱንድቦርን በምትባል መንደር ሠዓሊው ካርል ላርሾንና ሚስቱ ካሪን የኖሩበት ቤት ለጎብኚ ክፍት ነው። ስዊድኖች የቤታቸው አባት አድርገው የሚያዩት ያንን ቤት ነው፤ በቀይ፣ በአረንጓዴና ካሪን ራሷ በሸመነችው ጨርቅ የተሞላ ነው። ከሱ በኋላ የመጣው የቤት ዕቃና የጨርቅ ንድፍ አውጪው ዮሴፍ ፍራንክ ደግሞ እንደ እኛ ስደተኛ ነው። ከቪየና በ1933 አይሁዳዊ ሆኖ እዚያ መኖር ሲከብደው ወደ ስዊድን መጣ፤ በማግስቱ ዓመት ስቬንስክት ቴን ከተባለው ሱቅ ጋር መሥራት ጀመረ። ትልልቅ አበባና ወፍ፣ ደማቅ ቀይና ሰማያዊ ያለባቸውን ጨርቆች የሰጣቸው እሱ ነው። ዕቃ ሁሉ መመሳሰል የለበትም፣ ሰው የሚወደው ነገር እርስ በርሱ ይስማማል ብሎ ያምን ነበር። ሱቁ ዛሬም ስትራንድቬገን በሚባለው የስቶክሆልም ጎዳና ላይ አለ፤ ቅዳሜ ልጅዎን ይዘው ይሂዱ፣ ለማየት አይከፈልም። ከዚያ ስትመለሱ ስለ ግራጫው ድጋሚ ተነጋገሩ።

መሶቡ ይቆይ። ግን ከቡፌውና ከቴሌቪዥኑ መሐል አውጡትና በግራ በቀኙ ባዶ ቦታ ተውለት፤ ነጣ ያለ ግድግዳ ፊት ለብቻው ሲቆም የስፌቱ ቀለም ያኔ ነው የሚወጣው። ረከቦቱም የራሱ ቦታ ይኑረው። ወይን ጠጅ ሶፋው ከፈካ እንጨት ጋር ያምራል፤ ባለ ሦስት መቀመጫውን ያስቀሩና ትንንሾቹን ለሰው ይስጡ። ቡፌው ላይ ከልጅዎ ጋር አልጣላም፤ ቁመቱ ረዥም፣ ቀለሙ ጥቁር ከሆነ መስኮት አጠገብ መቆም የለበትም። ለመሸጥ ካልቻሉ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ያዙሩትና ከላይኛው መደርደሪያ የማይጠጣበትን ስኒ ሁሉ ያንሱ። የሚጎድለውን ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጡት ከሚሮርና ወይም ከስታድስሚሾን የበጎ አድራጎት ሱቆች ይግዙ፤ የድሮ የበርች ወንበር ከአዲስ የተጨፈለቀ ጣውላ ይበልጣል። ከአሮጌ ጨርቅ ቅዳጅ የተሸመነውን ረዥም ምንጣፍም እዚያው ያገኙታል። መደርደሪያ ለመስቀል ሲነሱ ግድግዳው ኮንክሪት ስለሆነ ተራ መሰርሰሪያ አይበሳውም፤ የሚመታውን ዓይነት ከጎረቤት ይዋሱ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ገዝቻለሁ። ይህንኑ የሰሜን አውሮፓ ስታይል ሙሉ ነጭ አድርጌ ልሠራ ነው። ምን ትመክሪኛለሽ?
አንባቢ፣ ከአያት

መልስ፦ ነጩን ተወው ወንድሜ። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ፀሐዩም ከፍታው ስላለ ይበረታል፤ ሙሉ ነጭ ግድግዳ ዓይን ይወጋል፣ አቧራውም አያስቀምጥህም። ወተት ወይም አፈር የነካው ቀለም ይሻልሃል። ከሰሜኖቹ የምትወስደው አሠራራቸውን ነው። አናጢህ ዋንዛውን ጥቁር ቫርኒሽ ከሚደፋበት እንጨቱ እንዲታይ በዘይት ብቻ እንዲጨርሰው ንገረው። ዴንማርካዊው ንድፍ አውጪ ሃንስ ዌግነር በ1949 የነደፈው ዝነኛ ወንበር መቀመጫው 120 ሜትር ገደማ የወረቀት ገመድ በእጅ ተሸምኖበት ነው የሚሠራው፤ አንተ ደግሞ የጠፍር አልጋ የሚያውቅ ባለሙያ ባለበት አገር ነህ። ወንበርህን በጠፍር አሠራው።

ጥያቄ፦ ነጣ ያለ የኦክ ጠረጴዛችን ላይ የዶሮ ወጥ ተደፋ። ቀዩ አልለቅ አለ።
ከዬተቦሪ

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ጠብታ ውኃ ያንጠባጥቡበት። ውኃው ወዲያው ገብቶ እንጨቱን ካጠቆረው ጠረጴዛው ዘይት ወይም ቫርኒሽ ሳይሆን ሳሙና ብቻ የተቀባ ነው። ለእንጨት የሚሸጠውን ነጭ የሳሙና ቅርፊት በሙቅ ውኃ አሟሙተው፣ እድፉን ብቻ ሳይሆን ጠረጴዛውን በሙሉ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ይሹት፤ አንድ ቦታ ብቻ ከታሸ ክብ ምልክት ይቀራል። ሌሊቱን ይድረቅ፣ ጠዋት 240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ያስኪዱበት፣ ከዚያ ሳሙናውን ይድገሙ። የሚቀረውን የበርበሬ ቅላት ፀሐይ ያነጣዋል፤ ጠረጴዛውን ወደ መስኮት ይጎትቱት። ውኃው ላዩ ላይ ከተንከባለለ ግን ዘይት ወይም ቫርኒሽ አለበት። ዘይት ከሆነ ብርጭቆ ወረቀቱ ካለፈበት በኋላ ዘይቱን ይመልሱለት፤ የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጠው ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ እንዳይጥሉት፣ በራሱ ሞቆ እሳት ያስነሳል። ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ውጭ ዘርግተው ሲደርቅ ይጣሉት።