በሁለት ሥራ መካከል ያለው ጊዜ

ይድረስ በጅማ ከተማ የኮምፒውተር ጨዋታና ሶፍትዌር ለመሥራት ለተነሣችሁ ወጣቶች፤

ባለፈው ሐሙስ፣ የሄርማታ ገበያተኛ መንገዱን ሞልቶት ሳለ፣ ሁለት ወጣቶች ላፕቶፓቸውን ከዝናብ ለማዳን በፌስታል ጠቅልለው ቤቴ መጡ። ያሳዩኝ ጨዋታ ተጫዋቹን የሲራራ ነጋዴ የሚያደርግ ነው፤ ቡና፣ ኮረሪማና ዝባድ በበቅሎ ጭኖ ከጅማ ይነሣል፣ በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል፣ ስንቁንና ጊዜውን አመዛዝኖ መንገድ ይመርጣል፣ አሞሌ ይዞም ይመለሳል። በቅሎዎቹ ጊቤ ወንዝ ሲደርሱ ቀጥ ብለው የሚቆሙበት ስሕተት ባይኖር ኖሮ እስከ ማታ ከወንበሬ ባልተነሣሁ። ልጆቹ የመጡት ግን ሥራቸውን ለማሳየት ብቻ አልነበረም፤ የጨዋታውን ሙሉ ባለቤትነት በአንድ ጊዜ ክፍያ ልግዛችሁ የሚል ሰው አግኝተው ኖሮ «እንሽጥ ወይስ አንሽጥ?» ብለው ሊጠይቁኝ ነበር። በዕለቱ የሰጠኋቸው መልስ ጥድፊያ የበዛበት ስለነበር፣ አሁን ረጋ ብዬ ለእነርሱም ለእናንተም እጽፋለሁ።

ኢንትሮቨርሽን ሶፍትዌር የሚባለውን የእንግሊዝ ድርጅት በ2001 (የውጭውን ዓመት የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የመሠረቱት ክሪስ ዲሌይ፣ ማርክ ሞሪስና ቶማስ አረንደል የተባሉ የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። የመጀመሪያ ሥራቸው አፕሊንክ፣ ተጫዋቹ በኮምፒውተር ሰርሳሪነት የሚቀጠርበት ጨዋታ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ያለ አሳታሚ (ገንዘብ አውጥቶ ጨዋታውን ለገበያ የሚያቀርብ ድርጅት ማለት ነው) ራሳቸው አወጡት፤ ትእዛዙን በኢንተርኔት ተቀብለው ሲዲውን በፖስታ ይልኩ ነበር። ራሳቸውንም «የመጨረሻዎቹ የመኝታ ቤት ፕሮግራመሮች» ብለው ሰየሙ። ሥራው ተሸጠላቸው።

ቀጣዩ ጨዋታ ዳርዊኒያ ለገበያ የቀረበው በመጋቢት 2005 ነው። በሁለቱ ሥራዎች መካከል ሦስት ዓመት ተኩል ያህል አለፈ ማለት ነው። ዳርዊኒያ በኮምፒውተር ውስጥ በሚኖሩ ትንንሽ ፍጡራን ዓለም ላይ የተመሠረተ የስትራቴጂ ጨዋታ ሲሆን፣ ባለሙያዎች ቢያደንቁትም ሽያጩ የባከነውን ጊዜ የሚክስ አልነበረም። እስትንፋስ የሰጣቸው በታኅሣሥ 2005 ስቲም በተባለው የኢንተርኔት መሸጫ ላይ መውጣቱ ነው። በ2006 ያለ አሳታሚ የሚሠሩ የጨዋታ ሠሪዎች ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ሲቀበሉም፣ ማርክ ሞሪስ ከአሳታሚ ገንዘብ ያልወሰዱት ጨዋታቸው እንዳይበላሽባቸው መሆኑን፣ እኔ እዚህ ልደግመው በማይገባኝ ቃል ተናገረ። ወጣቶች ይህን ንግግር ይወዱታል። እኔ ደግሞ ስሰማው የሚመጣብኝ ከ2001 እስከ 2005 ምን እየበሉ እንደቆዩ ነው።

ይህ ሐሳብ ዝም ብሎ አልያዘኝም። በ1999 ዓ.ም. እኔና ሁለት ጓደኞቼ ለቡና አቅራቢዎች የሚሆን የመጋዘን ፕሮግራም ሠርተን ነበር፤ ከገበሬው የመጣውን ጀንፈል በፈረሱላ መዝግቦ፣ ቅድሚያ የተከፈለውን ቀንሶ፣ ቀሪውን ሒሳብ የሚያወጣ ነበር። አንድ ነጋዴ ባለቤትነቱን ጭምር በአንድ ጊዜ ልግዛ ሲለን ሳናቅማማ ፈረምን። በገንዘቡ አጂፕ አካባቢ ቢሮ ተከራየን፣ የሚሽከረከር ወንበር ገዛን፣ ቀይና ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ትልቅ የቆርቆሮ ማስታወቂያ አሠራን። ሁለተኛው ሥራችን ለማንኛውም ነጋዴ የሚሆን ፕሮግራም ነበር፤ እንዲያ ዓይነቱ ሥራ ደግሞ አያልቅም። በስምንተኛው ወር የቢሮውን ኪራይ መክፈል አቃተን። የሸጥነው ፕሮግራም ግን በየመጋዘኑ ሲሠራ ለዓመታት አየሁት፤ ነጋዴው ሕጋዊ መብቱን ተጠቀመ እንጂ አልበደለንም። ማስታወቂያው ዛሬ የዶሮ ቤቴ ጣሪያ ነው።

እነዚያ እንግሊዛውያን ከእኛ የሚለዩት በብልጠት ብቻ አይመስለኝም። ዳርዊኒያ የራሳቸው ስለነበር ስቲም ላይ ሲያወጡት ፈቃድ የሚጠይቁት ሰው አልነበረም፤ ገቢውም እነርሱ ዘንድ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በሁለት ሥራ መካከል ብዙ መቆየት እንደሚጎዳ የገባቸው በሚመስል ሁኔታ፣ በመስከረም 2006 ዴፍኮንን አወጡ፤ ከዳርዊኒያ አንድ ዓመት ተኩል ቆይቶ መሆኑ ነው።

ዴፍኮን ላይ ትንሽ እንድዘገይ ፍቀዱልኝ፤ ስትራቴጂ ጨዋታ መሥራት ለሚፈልግ ሰው የተሻለ መማሪያ አላውቅምና። በኔትወርክ ገመድ በተገናኙ ሦስት ኮምፒውተሮች ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስንጫወተው ስክሪኑ ላይ ጥቁር ካርታ፣ ሰማያዊ መስመርና ነጭ ነጥብ እንጂ ሌላ አልነበረም። ቢበዛ ስድስት ተጫዋች ዓለምን ተከፋፍሎ የኑክሌር ጦርነት ይገጥማል። በተለመደው የነጥብ አሰጣጥ፣ በጠላት ወገን ለሚሞተው ለእያንዳንዱ ሚሊዮን ሰው 2 ነጥብ ታገኛለህ፣ ከራስህ ወገን ለሚሞተው 1 ይቀነስብሃል፤ የሚያሸንፈውም ከሁሉ የበለጠ ነጥብ የያዘው ነው። የጨዋታው ልብ ያለው ግን በሚሳይል ማስወንጨፊያው ላይ ነው። አንዱ ማስወንጨፊያ ወይ ሰማይህን ይጠብቃል ወይ ያጠቃል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አያደርግም። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዞር ደቂቃዎች ይፈጃል፣ የተኮሰ ጊዜም ቦታው ለጠላት ሁሉ ይገለጣል። ገበጣ የሚጫወት ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል፤ ጠጠሩን ካነሣህ በኋላ የት እንደምትደርስ ተቃዋሚህ እየቆጠረ ያያል። ይህን ሁሉ ጭንቀት የፈጠረው በጀት ሳይሆን አንዲት በሚገባ የታሰበች ሕግ ናት። የእናንተ የኬላ ቀረጥ እንዲህ ያለ ሕግ ሊሆን ይችላል፤ ለበቅሎዎቹ ጠጉር የምትደክሙትን ያህል ለእርሱ ብትደክሙ ይሻላል።

ታሪኩ በዴፍኮን ቢያበቃ ቆንጆ ነበር፤ ግን ያው የመጓተት ስሕተት ተመልሶ መጣ። በ2008 የወጣው መልቲዊኒያ የተባለ ጨዋታቸው የተጠበቀውን ያህል አልተሸጠም። ዳርዊኒያን ኤክስቦክስ ለተባለው የጨዋታ መሣሪያ ማዘጋጀቱ እየተጓተተ እስከ 2010 መጀመሪያ ቆየ፤ የተገኘውም ገንዘብ አልበቃም፤ ሠራተኞቻቸውን አሰናብተው ወደየቤታቸው ተመለሱ። በዚህ ሁሉ መካከል ዲሌይ ሰብቨርዥን በተባለ ሥራ ላይ ዓመታት አሳልፏል። ከተማን በሙሉ፣ ከመንገዱ እስከ ሕንፃው ውስጣዊ ክፍል ድረስ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚሠራበት አስደናቂ ቴክኖሎጂ ነበረው፤ ያልነበረው ጨዋታ ብቻ ነው። በመጨረሻ ተውት። እኛ ያን ትልቅ ፕሮግራማችንን መተው አልቻልንም ነበር፤ ኪራዩ ነው ያስተወን።

በ2011 መጨረሻ የቆዩ ጨዋታዎቻቸውን በአንድ ላይ ጠቅልለው፣ ገዢው የፈለገውን ዋጋ እንዲከፍል አድርገው ሸጡ፤ የሰብቨርዥንንም ፍርስራሽ ማሳያ አድርገው ጨመሩበት። አሮጌ ሥራ ባለቤቱን የሚያበላው እንዲህ ነው። በቀጣዩ ዓመት ፕሪዝን አርኪቴክት የተባለውን፣ ተጫዋቹ እስር ቤት የሚያንጽበትንና የሚያስተዳድርበትን ጨዋታ ገና ሳያልቅ መሸጥ ጀመሩ። ሐሳቡ ዲሌይ የአሜሪካውን አልካትራዝ እስር ቤት በጎበኘ ጊዜ የመጣለት ነው። ገዢዎች እያዩት፣ ስሕተቱን እየነገሩት፣ በየጊዜው እየታደሰ ተሠርቶ በጥቅምት 2015 ተጠናቀቀ፤ በ2016 ደግሞ የብሪታንያውን የባፍታ ሽልማት አገኘ። (በነገራችን ላይ፣ በጨዋታው አምቡላንስ ላይ የነበረው ቀይ መስቀል ሕግ የሚጠብቀው ዓርማ ስለሆነ እንዲቀየር ተጠይቀው አረንጓዴ አደረጉት። እናንተም የምትጠቀሙበትን ምልክት ሁሉ አጣሩ።) በ2017 ያወጡት ስካነር ሶምብሬ የተባለ ጨዋታ ገበያ አልቀናውም፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚሰናበት ሠራተኛ አልነበረም፤ ፕሪዝን አርኪቴክት ጎተራውን ሞልቶት ነበርና።

በጥር 2019 የፕሪዝን አርኪቴክትን መብት ፓራዶክስ ኢንተርአክቲቭ ለተባለው የስዊድን ድርጅት ሸጡት። ስለዚህ መሸጥ ነውር ነው አልልም። እነርሱ የሸጡት ግን ከስድስት ዓመት በላይ ፍሬውን ከለቀሙ በኋላ፣ ዋጋውንም ከራሳቸው የሽያጭ መዝገብ አውቀው ነው። የእናንተ ጨዋታ ገና አንድ ሰው እንኳ ገዝቶት አያውቅም፤ ዋጋውን የሚያውቀው፣ ያውም በግምት፣ ልግዛ ያላችሁ ሰው ብቻ ነው። እኔ ብሆን የዘንድሮን ውል አልፈርምም፤ የተወሰነ ጊዜ የማከፋፈል መብት ቢጠይቅ ግን ቁጭ ብዬ አነጋግረዋለሁ።

ለመወሰን ከመቀመጣችሁ በፊት የሁለታችሁን የወር ወጪ፣ ኢንተርኔቱንና መብራት ሲጠፋ የምትሄዱበትን ካፌ ሳይቀር፣ በደብተር ጻፉት። ይህ ጨዋታ አልቆ ሁለተኛው እስኪወጣ ስንት ወር እንደሚፈጅ ገምቱና እጥፍ አድርጉት። ቢሮ አትከራዩ። ደብተሩንና ላፕቶፑን ይዛችሁ በሚቀጥለው ሐሙስ ኑ፤ እስከዚያው በቅሎዎቹን ጊቤን አሻግሯቸው።