የቅድመ አያትን ወላጆች ፍለጋ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የቅድመ አያቴን እናትና አባት ለማግኘት 11 ዓመት ፈጅቶብኛል። ብዙ ተሳስቻለሁ፣ ብዙም ተምሬያለሁ። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎርፏል። የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ምንም አልጀመርኩም። ከየት ልነሳ?

መልስ፦ ከራስህ ተነስተህ ወደ ኋላ ሂድ። ከጠፋው ሰው አትጀምር። ከሁሉ በፊት ግን በዕድሜ ትልቁ ዘመድህ ጋ ዛሬውኑ ደውል። መዝገብ ነገም ይገኛል፣ ሰው ግን ላይገኝ ይችላል። "የአያቴ አባት ማን ነበር?" ብለህ ከጠየቅክ "እኔ ምን አውቄ" ነው መልሱ። የድሮ ፎቶ ይዘህ ሂድና "ይቺ ማናት? ከጎኗ የቆመውስ?" በል። ወሬው ራሱ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ቅድመ አያቴ የጋብቻ መዝገብ ላይ አለች። የአባቷ ስም የሚጻፍበት ቦታ ግን ባዶ ነው። ከዚያ በፊት የትም የለችም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ይሄ ቁርጥ የእኔ ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። እኔም ለዓመታት ስሟን ብቻ ይዤ ነው የዞርኩት፤ በዚህም በዚያም አጻጻፍ ፈለግኳት፣ የለችም። አንድ ቀን ያንኑ መቶ ጊዜ ያየሁትን ገጽ ከፍቼ ሳለ፣ ከታች ያሉትን የምስክሮች ስም አንድም ቀን ልብ ብዬ አንብቤው እንደማላውቅ ገባኝ። ሁለተኛዋ ምስክር ሴት ናት። መጻፍ ስለማትችል በፊርማዋ ቦታ መስቀል አድርጋለች። አንዱ መስመር ከሌላው ረዝሟል፣ ጫፉ ላይ ቀለም ጠብ ብሏል። ጸሐፊው ከጎኑ ስሟን ጽፎላታል።

እሷን መከተል ጀመርኩ። የቅድመ አያቴ የመጀመሪያ ልጅ ሲጠመቅ የክርስትና እናቱ እሷ ናት። የሦስተኛውም እሷው። የሴትየዋን ወንድም ኑዛዜ ሳገኝ ደግሞ "ለሟች እህቴ ልጅ" ይልና የቅድመ አያቴ ስም ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። አንድ የልብስ ሳጥን አውርሷታል። ለካ ምስክሯ አክስቷ ኖራለች! እናቷ በዚህ ተገኘች።

ስለዚህ እሷን ለጊዜው ተዪያትና ዙሪያዋን እዪ። ምስክር፣ የክርስትና አባት፣ ዋስ፣ ሞግዚት፣ አብሮ የተሰደደ፣ በሕዝብ ቆጠራው ላይ ከበላይና ከበታች የተጻፈ ጎረቤት፣ ሁሉም ይጠቅማል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፤ የምስክሩ ስም በዚያው መዝገብ በማይገናኙ ጋብቻዎች ላይ ሁሉ ከተደጋገመ፣ ዘመድ ሳይሆን እዚያው የሚሠራ ሰው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ሞክሼዎች አገኘሁ። የእኔ የትኛው ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ አንደኛው በልጅነቱ ሞቶ እንደሆነ የሞት መዝገቡን እይ። ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል፤ ከዚያ በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ ላይ ሚስትና ስድስት ልጅ ይቀጥላል። ሁለቱም ካደጉ ለየብቻ ወረቀት ላይ ዓመት በዓመት ጻፋቸው፦ ሚስት፣ ሥራ፣ መኖሪያ፣ ፊርማ። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ቦታ አይገኝም።

ጥያቄ፦ የልደት ዓመቱ በየመዝገቡ ይለያያል። 1822፣ 1825፣ 1819።

መልስ፦ ያው ሰው ሊሆን ይችላል። መረጃውን የሰጠው ማን ነው? የሞት መዝገብ ላይ ዕድሜን የሚናገረው ሟቹ አይደለም፤ ልጅ ወይም ጎረቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 የተደረገው የእንግሊዝ ሕዝብ ቆጠራ ደግሞ ከ15 ዓመት በላይ ያሉትን ወደ ታች በ5 እንዲያጠጋጉ መመሪያ ነበረው፤ 29 ዓመት የሆነው 25 ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ወደ ኋላ ስትሄድ የዘመን መለወጫውም አለ። በእንግሊዝ እስከ 1751 ድረስ ዓመቱ የሚለወጠው መጋቢት ውስጥ ስለነበር፣ በጥር የተወለደ ልጅ በአንድ ዓመት ቀድሞ የተወለደ ሊመስልህ ይችላል።

ጥያቄ፦ ስማችንን ኤሊስ ደሴት ላይ፣ ያኔ ስደተኞች ወደ አሜሪካ ይገቡበት በነበረው የኒው ዮርክ ጣቢያ ነው የለወጡት ይባላል።

መልስ፦ አይደለም። የዚያ ሠራተኞች መርከቡ ከተነሳበት ወደብ ይዞት በመጣው የተሳፋሪ ዝርዝር ላይ ነበር የሚሠሩት። ስም በአብዛኛው የተለወጠው በኋላ፣ በሰዎቹ በራሳቸው ነው።

ጥያቄ፦ የዲኤንኤ ምርመራ ይረዳል?

መልስ፦ በጣም። ዋናው ግን ማን ይመርመር የሚለው ነው። ከአያት ሩብ ያህል እንወስዳለን፤ ከቅድመ አያት ወላጅ ግን የሚደርሰን 6 በመቶ ገደማ ነው። እኔ ራሴን ሳስመረምር ከአንዲት የማላውቃት ሴት ጋር 38 ሴንቲሞርጋን ወጣ። ሴንቲሞርጋን ማለት የምትጋሩት ዘረ መል የሚለካበት ነው። ትንሽ ስለሆነ አለፍኩት። ከዚያ የአያቴን ታናሽ እህት አስመረመርኩ፤ ከዚያችው ሴት ጋር 214 ወጣ። የሴትየዋ አያት የቅድመ አያቴ የአባት ልጅ፣ ወንድሟ መሆኑ ነው። ግን ወዲያው አላመንኩም። የሰውየው አባት ወንድሞች ነበሩት፤ ቅድመ አያቴ ከእነሱ ከአንዱ ብትወለድም ቁጥሩ ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ማን የት ይኖር እንደነበር እያየሁ አንድ በአንድ ማስወጣት ነበረብኝ። ይሄ ብቻ አንድ ዓመት ወሰደ።

ለማነጻጸር፣ የአጎት ወይም የአክስት ልጆች በአማካይ 850 ገደማ ይጋራሉ፤ የእነሱ ልጆች እርስ በርስ 230 ገደማ። በሦስተኛው ትውልድ ላይ ከ10 አንዱ ጭራሽ ላይገናኝ ስለሚችል ባዶ ውጤት አያስደንግጥህ። ዋይ ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ስለሚወርድ፣ ለሴት ቅድመ አያት አባት ፍለጋ በቀጥታ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ 30 የዘር ሐረጎች አባቱ እገሌ ነው ይላሉ።

መልስ፦ 29ኙ ከአንዱ ቀድተው ይሆናል። መረጃ ካልተያያዘበት እንደ ጥቆማ ያዘው፣ ከዚያ አይለፍ።

ጥያቄ፦ አያቴ ያሳደጋቸው ሰው አባታቸው አለመሆኑን ደረስኩበት። እናቴ 80 ዓመቷ ነው። ልንገራት?

መልስ፦ ይሄ ከሁሉም ከባዱ ነው። መጀመሪያ ማወቅ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂያት፣ ሳትነግሪያት። "ያልጠበቅነው ነገር ቢገኝ ልንገርሽ?" ማለት ይበቃል። አይሆንም ካለች ተያት፤ ወረቀቱ እንዳለ ይቀመጥ። ደግሞ ያሳደጋቸውን ሰው ከሐረጉ ላይ አታጥፊው።

እኔ የአያቴን እህት እንዲሁ ነው የጠየቅኳት። ገና ስትመረመር ነው የጠየቅኳት እንጂ ውጤቱ ከመጣ በኋላ አይደለም። "ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩትን ነገር ትደብቀኛለህ?" አለችኝ። ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ትንሽ ቆይታ "እናቴ ብቻዋን ነኝ ስትል ነው የኖረችው። ስንት ወንድም ነበራት?" አለች። አራት አልኳት። ስማቸውን ጻፍልኝ አለችኝ።