«ውጭ ሳሰጣው ልብሱ ቀለሙን ይለቃል፣ አቧራም ይይዘዋል፤ ድሬ ላይ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ልግዛ ወይ?» ላልሽው

አትግዢ። ውጭ ያሰጣሽው ልብስ ቀለሙ የሚለቀው ፀሐይ በቀጥታ ስለሚመታው ነው። ለመድረቅ ደግሞ የግድ ፀሐይ አይፈልግም፤ የድሬ ሙቀትና ነፋስ ጥላ ውስጥም ያደርቀዋል።

ባለ ቀለሙን ገልብጠሽ በረንዳ ላይ አስጪ፣ ነጩን ብቻ ፀሐይ ላይ። ጂንስ ከሆነ ኪሱን ወደ ውጭ አውጪለት፣ መጨረሻ የሚደርቀው እሱ ነው። ስለ አቧራው ያልሽው እውነት ነው፤ እኔ እዚያው ድሬ ሳቢያን ሰፈር ስኖር ማለዳ አጥቤ ነፋሱ ሳይነሳ አነሳ ነበር።

ማሽኑ በጋለ አየር ስለሚሠራ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት ይስባል። ምጣድ ጥዶ እንደመዋል በይው። መብራት ሲጠፋም እርጥቡን ልብስ ታቅፈሽ ትቀሪያለሽ።

አንድ ነገር ግን፦ ሽቦ ላይ እንዳታሰጪ። የእናቴ ነጠላ መሃል ላይ የዝገት መስመር ቀርቶበታል፣ ሎሚም አላስለቀቀውም። የፕላስቲክ ገመድ ይሻላል፣ እሱንም ከማስጣትሽ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው።