ሳጥኑን ከመሙላታችሁ በፊት

ይድረስ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ማስተማር ለጀመራችሁ ወጣቶች፤

ስለ ዳሰሳ ሳጥን፣ ማለትም ልጁ በእጁ እየዳሰሰ እንዲማር ሩዝ፣ አሸዋ ወይም ውሃ ስለምንሞላው ሳጥን፣ ስትማሩ መጀመሪያ የሚያሳዩአችሁ ፎቶግራፍ ነው። ሰማያዊ ሩዝ ላይ የተበተነ ዛጎል፣ ጥቁር አሸዋ ውስጥ የተደበቁ ፕላኔቶች፣ አፈር መሃል የፕላስቲክ ነፍሳት። ያምራል። ከዕድሜዬ ብዙውን በዚህ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና እኔ የምላችሁ ግን ጭብጡን፣ ባሕር ነው ጠፈር ነው የሚለውን፣ መጨረሻ ላይ ምረጡት ነው። ጭብጡ በአብዛኛው የሚያስደስተው አስተማሪውን ነው። ልጁ ቀድሞ የሚያገኘው ባሕሩን ሳይሆን ሩዙን ነው፤ ያውም በጣቶቹ።

ጣቶቹ ደግሞ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። አንዷ ተማሪ እርጥብ ነገር ሲነካት እሳት የነካት ያህል ትሸሻለች፤ ሌላው እስከ ክርኑ ካልነከረ የነካ አይመስለውም። ለስሜት ሕዋሳት መልእክት ከመጠን በላይ ወይም በታች ምላሽ መስጠት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለዚህ እጇን የምትሰበስበውን ልጅ «እልኸኛ»፣ እፍኝ እፍኝ የሚበትነውን ደግሞ «ባለጌ» ለማለት አትቸኩሉ።

ለምትሸሸው ልጅ ደረቁን ከእርጥቡ፣ ልሙጡን ከሚያጣብቀው አስቀድሙ። ማንኪያ፣ መቆንጠጫ፣ ትንሽ አካፋ ስጧት፤ እጇና ሩዙ መሃል መሣሪያ ሲኖር ትደፍራለች። እንደ ጄል ያለውን ዝልግልግ ነገር በጥብቅ በታሸገ ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ ከላይ ብትጫነውም ዳሰሳ ነው። እጅ መጥረጊያ ጨርቅም አጠገቧ ይኑር፤ መውጫ እንዳላት ካወቀች ትገባለች። እጇን ይዛችሁ ግን አታስገቡ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ጊዜ በደግነት ሲደረግ ስለማይ ነው። ማየት ለተሳነው ልጅ እንኳ የእናንተ እጅ ከእርሱ እጅ ሥር ይሁን፤ እርሱ እጁን በእጃችሁ ላይ አሳርፎ የምታደርጉትን ይከተል፤ ሲበቃው ያነሳል።

እስከ ክርኑ ለሚገባው ልጅ ደግሞ ሳጥኑን ከበድ አድርጉለት። እርጥብ አሸዋ መቆፈር፣ ከባድ ድንጋይ ማንሳት፣ ጠጣር ሊጥ መጭመቅ ጡንቻውንና መገጣጠሚያውን ያሠራል፤ ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ረጋ ይላሉ። ሁሉም ግን አይደሉም። አንዳንዱ በዚያው ይበልጥ ይነቃቃል፤ ይህን የሚነግራችሁ ልጁ ራሱ እንጂ መጽሐፍ አይደለም።

አንድ ነገር በጨረፍታ ልበል። ሳጥኑን «ሕክምና» ብላችሁ ለወላጅ አታቅርቡ። አሜሪካዊቷ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (ሰው የዕለት ተዕለት ተግባሩን እንዲያከናውን የምትረዳ ባለሙያ) ጂን አይረስ የጀመረችው የስሜት ሕዋሳት ውህደት ሕክምና፣ አንጎል ከስሜት ሕዋሳት የሚደርሰውን መልእክት እንዲያቀናጅ ለመርዳት የታሰበው፣ የሠለጠነ ባለሙያ የሚፈልግ ሌላ ሥራ ነው፤ ስለ እርሱም ቢሆን የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 የጥናቱ ማስረጃ ውስን መሆኑ ለወላጆች እንዲነገር መክሯል። የእናንተ ሳጥን የማስተማሪያ መሣሪያ ነው። ጣሊያናዊቷን የትምህርት ሰው ማሪያ ሞንቴሶሪን ያነቃት ፈረንሳዊው ኤድዋር ሴጋንም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያላቸውን ልጆች በእጃቸው እየዳሰሱ እንዲማሩ ያደርግ ነበር።

የማስተማሪያ መሣሪያ ከሆነ ደግሞ የሚያስተምረው ነገር ይኑረው። ጭብጡ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የልጁን የግል ትምህርት ዕቅድ ክፈቱና አንድ ግብ ብቻ ምረጡ። ግቡ እስከ አሥር መቁጠር ከሆነ የባሕሩ ሳጥን አሥር ዛጎልና አሥር ጎድጓዳ ቦታ ያለው ትሪ ይበቃዋል። ፊደል ከሆነ አሸዋው ውስጥ የሚቀበሩት የሳምንቱ ፊደላት ናቸው። ሳይንስ ከሆነ ሳጥኑን ውሃ ሙሉትና ልጁ የሚንሳፈፈውን ከሚሰምጠው ይለይ፤ ከመጣሉ በፊት ግን «ይሰምጣል ወይስ ይንሳፈፋል?» ብሎ ይገምት። ንግግር ለሌለው ልጅ «ጨምር»፣ «በቃ»፣ «ክፈት» የሚሉ ሥዕሎች ያሉት ሰሌዳ ከሳጥኑ ጎን አኑሩ፤ የሚወደውን ዕቃ ክዳኑ ጠበቅ ባለ፣ ውስጡ በሚታይ ዕቃ ውስጥ አድርጉና «ክፈት» የሚለውን እስኪያሳያችሁ ጠብቁ። ጠብቁ ስል ዝም በሉ ማለቴ ነው። ወጣት አስተማሪ ዝምታ ያስፈራዋል፤ ልጁ መልሱን እያሰበ ሳለ ሦስት ጥያቄ ይደርብበታል።

ዕቃ አታብዙ። ችግሩ ከዓይን ሳይሆን ከአንጎል የሆነ የማየት ጉዳት ያለበት ልጅ በሃያ ቀለም መሃል ምንም ላያይ ይችላል፤ ለእርሱ ጥቁር መደብና አንድ ደማቅ ቢጫ ዕቃ ይሻላል። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ላለው ሳጥኑ ጉልበቱን ሳይነካ ወደ ደረቱ መቅረብ አለበት፤ ሥሩም የማያንሸራትት ምንጣፍ ይነጠፍ። በቀለምና በኮምጣጤ ያቀለማችሁት ሩዝ ሽታው እስኪጠፋ ይናፈስ፤ ለእናንተ የጠፋው ሽታ ለአንዳንዱ ልጅ ገና አልጠፋም። አምስተኛ ክፍል ለደረሰው ደግሞ የሕፃን ዳክዬ አትስጡት። የቅሪተ አካል ቁፋሮ፣ የድንጋይ ዓይነት፣ የመኪና ክፍሎች ስጡት፤ እጁ የሚፈልገው ያው ቢሆንም ዕድሜው ክብር ይፈልጋል።

አደጋን በተመለከተ ጨካኝ ሁኑ። ምግብ ያልሆነውን የሚውጡ ልጆች አሉ፤ ዕድሜያቸው አሥር ስለሆነ ከአፋቸው አያስገቡም ብላችሁ አትተማመኑ። የሽንት ቤት ወረቀት በሚጠቀለልበት የካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ዕቃ ሁሉ ዕቃ ወደ አፉ ለሚያስገባ ልጅ አይሆንም። ውሃ ሲነካቸው የሚያብጡትን የጄል ዶቃዎች ጨርሶ አታስገቡ፤ ከተዋጡ አንጀት ውስጥ አብጠው ሊዘጉት ይችላሉ። ሁለት ትናንሽ ማግኔቶች ከተዋጡ በአንጀት ግድግዳ በኩል ተሳስበው ሊበሱት ይችላሉ። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ መርዛማ ነው፣ ጥሬ ዱቄት ጀርም ሊኖረው ይችላል፣ የመጫወቻ ሊጥ ብዙውን ጊዜ ስንዴ አለበት፤ የአለርጂውን ዝርዝር ሳታዩ አትክፈቱት። ውሃ ካለበት ሳጥን አጠገብ፣ ጥልቀቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢሆንም፣ ለአፍታም አትራቁ።

ማቆሙ ከመጀመሩ ይከብዳል። ልጁ የሚያየው ሰዓት ቆጣሪ አስቀምጡ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን በሥዕል አሳዩት፣ ክዳኑን ራሱ ይክደነው። ወለሉ ላይ የተበተነውን አትጥረጉለት። ከሳጥኑ ሥር አንሶላ ካነጠፋችሁ አራቱን ማዕዘን ይዛችሁ አብራችሁ ታነሳላችሁ፤ የቀረውን በመጥረጊያ ይጠርጋል፣ ሙሉውን ሳጥን ወደ መደርደሪያው ይሸከማል። ከባድ ሥራ ለሚፈልገው ልጅ የዕለቱ ምርጥ ክፍል ይኸኛው ሊሆን ይችላል፤ እርሱ እያነሳ እናንተ ምን እንደነካና ምን እንደሸሸ ጻፉ። የሚቀጥለው ሳምንት ሳጥን የሚሞላው ከዚያ ወረቀት ነው።