የዘለልሻቸው ገጾች

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፦

ትዕግሥቴ አለቀ። የልቦለዴን ረቂቅ ለአንድ ወዳጄ የሰጠሁት ጥምቀት ሰሞን ነው፤ እስከ ዛሬ «በርቺ» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልወጣውም። ሌላዋ ጭራሽ ስልኬን አታነሳም። ድሬ ላይ ቡና ጠጡ፣ በርጫ ያዙ ሲባል የማይመጣ የለም፤ አንብቡልኝ ሲባል ሁሉም ሥራ ይበዛበታል። መጥፎ ነው ይበሉኝ እንጂ! ዝምታው ነው የገደለኝ። የሚሰማኝ አባቴ ብቻ ነው። ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው፤ ዓይኑ ስለደከመ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል በረንዳ ላይ አነብለታለሁ። ስለ ከተማዋ አመሠራረት የጻፍኩትን ግን እዘለዋለሁ፣ እሱ የሚያውቀው ነው። አሁን ዕቁብ ደርሶኛል፤ ማተሚያ ቤቱ ቀብድ ክፈዪ ብሎኛል። በራሴ ገንዘብ ላሳትመው?

ከገንደ ቆሬ

እህቴ፣ አታሳትሚው። ዕቁብሽን ያዢ።

ወዳጆችሽን አትቀየሚያቸው። ሙሉ ረቂቅ የተሸከመ ሰው ምን ብሎ እንደሚመልስልሽ ይጨንቀዋል። አንድ ምዕራፍ ብቻ ስጪና «የት ላይ ሰለቸህ?» በዪው፤ ይነግርሻል።

እኔን የያዘኝ በረንዳው ነው። አባትሽ ስለሚያውቀው ነው የዘለልሽው? ስለ ባቡሩ የጻፍሽውንም እኮ ካንቺ አብልጦ ያውቀዋል፣ እሱን ግን ታነቢለታለሽ። የዘለልሽው አንደበትሽ ስለከበደው ነው። ለምትወጂው ሰው ጮክ ብለሽ ማንበብ ያቃተሽን ገጽ ለማያውቅሽ ሰው በገንዘብ ልትሸጪ ነው? ይህ ተገቢ አይደለም።

ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ከብዶት በ1895 ዓ.ም. ድሬ መድረሱ፣ ከተማዋም በዚያ ሰበብ መቆርቆሯ ግሩም ታሪክ ነው። ነገር ግን አንዱ ገጸ ባሕርይሽ በታክሲ ደንገጎን ሲወጣ፣ ዳገቱ ሲያስጨንቀው ያንሣው፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። የቀረውን አውጪው፣ ቢያምም።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ ሳትዘዪ አንብቢለት፣ እስክሪብቶ በእጅሽ ይኑር። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን፣ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግስ፣ እስከ መጨረሻ ይዞ ይቆያል፤ ዓረፍተ ነገር ሲረዝም ዓይን ይታገሣል፣ ትንፋሽ ግን አይታገሥም። ትንፋሽ ያጠረሽ ቦታ ላይ አስምሪበት። አባትሽ ያዛጋበትን፣ ወሬ የቀየረበትንም ገጽ ምልክት አድርጊበት። ጠዋት ስትነሺ ከእነዚያ ጀምሪ። በየምሽቱ ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ማግኘት ስንቱ ጸሐፊ የተመኘው ነገር ነው፤ አንቺ ግን ከአንባቢ አልቆጠርሽውም፣ ይህ አሳዘነኝ።

ረቂቁን ከዳር እስከ ዳር እንደገና ጽፈሽ ስትጨርሺ ደብዳቤ ላኪልኝ። ስለ ማተሚያ ቤቱ ቀብድ ያኔ እናወራለን።